የሥርና የፈንገስ ወንፈል፦ ከምንጭ ዳር ፈርን እስከ ሀብሩ የማሽላ ማሳ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉባኤ ላይ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብሂሉ የአንድነትን ኃይል ለማስረዳት የሚነገር ምሳሌ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በገበሬው እግር ሥር፣ በየማሳውና በየኮረብታው አፈር ውስጥ፣ እውነተኛ ድር መኖሩን የሚያውቁ ብዙዎች አይደሉም። ይህ ድር ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የፈንገስ ክር ሲሆን ከዕፅዋት ሥር ጋር ተሳስሮ ይኖራል። ሥሩ ለክሩ ምግብ ይሰጣል፤ ክሩ ደግሞ ሥሩ ሊደርስበት ከማይችለው ቦታ ማዕድንና ውኃ እያመጣ ብድሩን ይመልሳል። የወሎ ገበሬ በወንፈል የጎረቤቱን ማሳ አርሞ ጎረቤቱም በተራው የእርሱን እንደሚያርምለት ሁሉ፣ ሥርና ፈንገስም ብድር ይመላለሳሉ።

በዚህ ጽሑፍ የዚህ ጥንታዊ ወንፈል ታሪክ በምንጭ ዳር ከሚበቅለው ፈርን ተነሥቶ እስከ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ኮረብቶችና የማሽላ ማሳዎች ድረስ በአጭሩ ይቃኛል። ጉዳዩ ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። በአካባቢው ማሽላን እያመነመነ ጎተራ የሚያራቁተው አቀንጭራ ወደ ሰብሉ የሚገባበት በር ይኸው ወንፈል መሆኑ ከታወቀ ገና ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ነው። በሩን ማጥበብ የሚቻልበት መንገድም ከአፈር አያያዝ ጋር የተቆራኘ ነው።

ከአበባና ከዘር በፊት የነበረ ስምምነት

በደጋና በወይና ደጋ፣ በምንጭ ዳር፣ በእርጥብ የገደል ስንጥቅና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ለጋ ቅጠላቸው እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ የሚወጣና ሲዘረጋ እንደ ላባ የሚከፋፈል ዕፅዋት ይገኛሉ። አበባ አያወጡም፤ ፍሬም አያፈሩም። በዕፅዋት ሳይንስ ፈርን ይባላሉ። የቅጠላቸውን ጀርባ ገልብጦ ለሚመለከት ሰው ቡናማ ነጠብጣቦች ተደርድረው ይታያሉ። ከእነዚህ ነጠብጣቦች ስፖር የሚባል፣ እንደ ዱቄት የላመ መራቢያ ይረግፋል።

አንድ የማሽላ ፍሬ ሲዘራ ሥርና ቅጠል እስኪያወጣ የሚበላውን ስንቅ ይዞ ነው ወደ መሬት የሚገባው። የፈርን ስፖር ግን ይህ ነው የሚባል ስንቅ የለውም። ከስፖሩ በመጀመሪያ የሚወጣው ከጣት ጥፍር የሚያንስ ለጋ አካል ሲሆን ዋናው ፈርን የሚበቅለው በኋላ ከዚሁ አካል ላይ ነው። በአብዛኞቹ ፈርኖች ለጋው አካል አረንጓዴ በመሆኑ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። በኢትዮጵያም የሚገኙት ኦፊዮግሎሰም የተባሉት ፈርኖች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ለጋ አካላቸው የሚያድገው ከመሬት በታች፣ በጨለማ ውስጥ፣ ያለ አረንጓዴ ቀለም ነው። ብርሃን ስለማያገኝ ምግብ ማዘጋጀት አይችልም። ሕይወቱ የሚቆየው ወደ አካሉ የገባው ፈንገስ ከሌሎች ዕፅዋት ሥር ያገኘውን ምግብ እያካፈለ ስለሚቀልበው ነው። ቅጠሉ ከመሬት በላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ተራው ደርሶ ለፈንገሱ ምግብ መስጠት ይጀምራል። በዚሁ የፈርን ቤተሰብ ላይ የተደረገ ምርመራ ትልቁ ተክልና ከመሬት በታች ያለው ለጋ አንድ ዓይነት ፈንገስ እንደሚጋሩ አሳይቷል። ይህም ወላጁ በፈንገሱ ክር አማካይነት ለልጁ ስንቅ እንደሚልክ የሚያመለክት ነው።

ስምምነቱ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያስረዳው ማስረጃ የተገኘው በስኮትላንድ፣ ራይኒ በተባለች መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ዊልያም ማኪ የተባለ ሐኪም በዚያ አካባቢ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ጥንታዊ ዕፅዋት አገኘ። የዕፅዋቱ ዕድሜ 407 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይገመታል። በዚያ ዘመን በምድር ላይ አበባም ሆነ ዘር የሚባል ነገር አልነበረም። የእነዚህ ዕፅዋት አብዛኞቹ እንዲያውም ዛሬ ሥር የምንለው አካል አልነበራቸውም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1994 ተመራማሪዎች ድንጋዩን በስሱ ቆርጠው በማጉሊያ መሣሪያ ሲመረምሩ፣ በዕፅዋቱ ሕዋሳት ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ የፈንገስ አካል አገኙ። ይኸው ቅርጽ ዛሬ በማሽላ፣ በበቆሎና በባቄላ ሥር ውስጥ ይታያል። በአጭሩ ወንፈሉ ከሥር ይቀድማል ማለት ነው። ዕፅዋት ከውኃ ወጥተው በደረቅ መሬት ላይ እንዲኖሩ ካስቻሏቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሽርክና እንደሆነ ይታመናል።

በሽታ ነው ወይስ ሽርክና?

ፈንገስ ሲባል ብዙ ጊዜ በገበሬው አእምሮ የሚመጣው ዋግ፣ አረማሞና የጎተራ ሻጋታ ነው። በአውሮፓ የነበሩ ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ የሚያስቡት እንዲሁ ነበር። ይህን አመለካከት የለወጠው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ፍራንክ የተሰጠው ሥራ ከመሬት በታች የሚበቅልና በውድ ዋጋ የሚሸጥ የእንጉዳይ ዓይነት በአገሩ ማልማት ይቻል እንደሆነ ማጥናት ነበር። ሲያጠና ግን የደን ዛፎች የሥር ጫፍ በፈንገስ ተሸፍኖ አገኘው። ዛፎቹም የታመሙ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ ግንኙነት በሽታ ሳይሆን የጋራ ጥቅም መሆኑን ገልጾ ማይኮራይዛ የሚል ስም ሰጠው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው። ሐሳቡ በጊዜው ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት የነበረ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች አረጋግጠውታል።

አሠራሩን ለማኅበር አባል ማስረዳት አያስቸግርም። አንድ ገበሬ ማዳበሪያ ለማምጣት ብቻውን እስከ ጅቡቲ ወደብ መሄድ አይችልም። በማኅበሩ በኩል ዩኒየኑ እንዲያቀርብለት ያደርጋል፤ ለአገልግሎቱም ይከፍላል። ሥርና ፈንገስም እንዲሁ ናቸው። ለሰብል እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ማዕድናት አንዱ የሆነው ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ተጣብቆ የሚቀመጥ እንጂ ከውኃ ጋር በቀላሉ የሚንቀሳቀስ አይደለም። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ከጨረሰ በኋላ ሌላው ሩቅ ይሆንበታል። የፈንገሱ ክር ግን ቀጭን በመሆኑ ሥር በማያልፍበት ቀዳዳ እየሾለከ፣ ከሥሩ በብዙ ሴንቲ ሜትር ርቆ ፎስፈረሱን ያመጣል። በለማ አፈር ውስጥ በአንዲት ግራም ብቻ ሜትሮች የሚረዝም ክር ሊገኝ ይችላል። ተክሉ በበኩሉ ቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ ከመቶ ከ4 እስከ 20 የሚሆነውን ለፈንገሱ ይከፍላል።

ሽርክናው ሒሳብ ያለው ነው። አፈሩ በፎስፈረስ ማዳበሪያ ከልክ በላይ ሲሞላ ተክሉ ክፍያውን ይቀንሳል፤ ፈንገሱም እየተመናመነ ይሄዳል። መሬቱ ደጋግሞ ሲታረስ ክሩ ይበጣጠሳል። ማሳው ያለ ሰብልና ያለ ሣር ለረጅም ጊዜ ራቁቱን ሲቆይ ደግሞ ፈንገሱ የሚቀልበው ያጣል። በምድር ላይ ካሉት ዕፅዋት ከመቶ 70 የሚሆኑት የዚህ ዓይነቱ ሽርክና ተካፋዮች ሲሆኑ፣ እንደ ጎመን፣ ጎመን ዘርና ቀይ ሥር ያሉት ግን አባል አይደሉም።

በወሎ ኮረብቶች ከመሬት በታች የጠፋው

የወሎ ሕዝብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ያሳለፈው ረሃብ ከዝናብ መቅረት ጋር ብቻ ተያይዞ ሲነገር ቆይቷል። ዝናብ ሲቀር ገበሬውን ለከፋ ጉዳት ካጋለጡት ነገሮች አንዱ ግን ለብዙ ዘመን የተሸረሸረው መሬት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በየዓመቱ የሚታጠበው አፈር ወደ 1.9 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። በደሴ አካባቢ በምትገኘው ማይባርም እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር መሸርሸርን የሚለካ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የገበሬ ማኅበራት በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በየተራራው እርከን ሠርተዋል፤ ችግኝም ተክለዋል። በኋላ ዘመንም በየዓመቱ ጥርና የካቲት የተፋሰስ ልማት ሥራ፣ በክረምት ደግሞ የችግኝ ተከላ የሕዝቡ መደበኛ ሥራ ሆኗል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ኮረብቶች መልሰው ሣርና ቁጥቋጦ ሲለብሱ ታይተዋል። በአንጻሩ በዘመቻ ከተተከለው ችግኝ ብዙው እንደማይጸድቅ የማያውቅ የልማት ጣቢያም ሆነ ቀበሌ የለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የውኃ እጥረት፣ የከብት ንክኪና የእንክብካቤ ጉድለት ይጠቀሳሉ። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ከእነርሱ ጋር ግን እምብዛም የማይነሣ ሌላ ምክንያት አለ።

የፈንገሱ ክርና ስፖር በብዛት የሚገኘው በላይኛው አፈር ነው። ጎርፍ መጀመሪያ የሚወስደውም ይህንኑ አፈር ነው። በመሆኑም ከኮረብታው የታጠበው ማዕድን ብቻ ሳይሆን፣ ለችግኙ ማዕድን የሚያቀብለው አጋርም ጭምር ነው። ይህ የአገራችን ዛፎች ጉዳይ መሆኑን የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ተስፋዬ ውበትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች በደረቅ የደጋ ደኖች ውስጥ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ከዚህ ዓይነቱ ፈንገስ ጋር እንደሚኖሩ አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ጥድና ዝግባ በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን ቢቆሙም በሥራቸው የሚያኖሯቸው የፈንገስ ስብስቦች የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት እምሩ ብርሃነም የዕጣን ዛፍ ችግኞችን መርምረው፣ ፈንገስ ያላቸው ችግኞች ከሌላቸው የተሻለ እንደሚያድጉ አሳይተዋል።

የዛፍ ቁጥርና የአፈር ጤና አንድ አለመሆናቸውን የታሪክ ጥናትም ይጠቁማል። ዶናልድ ክራሚ የተባሉ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከነበረው ገጽታ ጋር አነጻጽረዋል። ያገኙት ውጤት ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነበር። በበርካታ ቦታዎች የዛፍ ብዛት ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አልተገኘም። ለዚህም ዋናው ምክንያት ገበሬው በየደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ከመሬት በላይ ያለው አረንጓዴ መጨመሩ ግን በተራቆተው ኮረብታ ላይ ያለው አፈር አብሮ አገግሟል ማለት አይደለም።

ታዲያ የቀድሞው አፈር ከነፈንገሱ የት ተረፈ ቢባል፣ መልሱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድና በቆዩ የመቃብር ቦታዎች ዙሪያ የሚል ይሆናል። በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ደን ጥድና ወይራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በየወረዳው ያሉት ትንንሽ የዛፍ ክምችቶችም መጠናቸው አነስተኛ ቢሆንም የዛፍ ዘር ብቻ ሳይሆን የአፈር ዘር ማከማቻዎች ናቸው። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች የችግኝ ከረጢት ሲሞሉ ከአካባቢው አፈርና ከአሸዋ ጋር የደን አፈር የሚቀላቅሉት ለምነቱ ብለው ነው። ሳይታወቅ ግን በዚያው እፍኝ አፈር የፈንገሱ እርሾ አብሮ ወደ ከረጢቱ ይገባል። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሣ ሁሉ ችግኝም በተራቆተ ኮረብታ ላይ ያለ አጋሩ መነሣት ይከብደዋል።

የማሽላው ጥሪና ጥሪውን የሰማው ሌባ

ከኮረብታው ወደ ሜዳው ሲወረድ ታሪኩ ወደ ማሽላ ይሻገራል። አቀንጭራን ለሀብሩ ገበሬ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሐምራዊ አበባው ሲያዩት ያምራል። አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ግን ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ስለሚመጥ፣ ማሽላው አፈሩ እርጥብ ሆኖ እንኳ ውኃ እንደጠማው ይጠወልጋል። አንድ የአቀንጭራ ተክል በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ከትንባሆ ዱቄት የላመ ዘር ያራግፋል። ዘሩም በአፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ፈርኑ ስፖር ስንቅ የለውም። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሌላ ተክል ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አይበቅልም። የሚበቅለው በአቅራቢያው ሥር መኖሩን ሲያረጋግጥ ነው። ሁለቱም በሰው ስንቅ ይነሣሉ፤ ልዩነቱ ፈርኑ አድጎ ብድሩን ሲመልስ አቀንጭራ ጨርሶ አለመመለሱ ነው።

አቀንጭራ ሥር መኖሩን እንዴት ያውቃል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1956 የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ አረም በአሜሪካ በካሮላይና ግዛቶች በበቆሎ ማሳ ላይ መታየቱ ጥናቱን አፋጠነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር በሚወጣ ፈሳሽ ውስጥ የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር አገኙ። ከዚህ ወገን የሆኑት ንጥረ ነገሮች ኋላ ስትራይጎላክቶን የሚል የጋራ ስም ተሰጣቸው። ግኝቱ ግን አንድ እንቆቅልሽ ይዞ መጣ። ተክል ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ከሥሩ የሚያመነጨው ለምንድን ነው? በቤቱ ውስጥ እህል እንዳለ ለሌባ የሚናገር ሰው ይኖራል?

መልሱ የተገኘው ከ39 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩ ለአቀንጭራ የተላከ አለመሆኑን አስታወቁ። የተላከው ለፈንገሱ ነው። ሥሩ «ፎስፈረስ አጥሮኛልና ና» ብሎ ወዳጁን ይጣራል። ፈንገሱም ጥሪውን ሲሰማ ቅርንጫፍ እያበዛ ወደ ሥሩ ያመራል። አቀንጭራ ይህን ለወዳጅ የተላከ ጥሪ መስማት የተማረ ሌባ ነው።

ለገበሬው ትልቁ ቁም ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በማሽላ ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲያጥሩት ማሽላው የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ይጨምራል። በሌላ አነጋገር አፈሩ በደኸየ ቁጥር ማሽላው ጮክ ብሎ ይጣራል፤ ወዳጁ ከአፈሩ ታጥቦ ከሄደ ደግሞ ጥሪውን የሚሰማው ሌባው ብቻ ይሆናል። አቀንጭራ በሳሳና በተደጋጋሚ ማሽላ በተዘራበት ማሳ ላይ ለምን እንደሚበረታ የአገሬው ገበሬ በልምድ ያውቀው ነበር፤ ሳይንሱ ምክንያቱን ነገረው። በተቃራኒው ፈንገሱ ወደ ሥሩ ገብቶ ሥራውን ሲጀምር ተክሉ ጥሪውን ይቀንሳል። በካሜሩን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የማሳ ላይ ሙከራም ፈንገሱ በተጨመረበት የማሽላና የበቆሎ ማሳ የአቀንጭራ ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥሪውን የለወጡ ዝርያዎች

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ የላቀ ድርሻ አላቸው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ምርምር፣ የአቀንጭራን ዘር የማይቀሰቅሱ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው በማዳቀል ዝርያዎችን አውጥተዋል። በማሽላ ላይ ለሠሩት ሥራም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከምርምሩ የተገኙት አብሽርና ጎብዬ የተባሉት ዝርያዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተለቀዋል። ጎብዬ ከወልድያ በስተሰሜን ባለው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከተማ ጋር ስም የሚጋራ መሆኑን የአካባቢው ሰው ልብ ሳይለው አይቀርም። በመርሳና በወልድያ መካከል፣ በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በማሽላ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራ ሲሆን፣ ግራና አንድ የተባለው ዝርያ ስሙ ራሱ የሀብሩን ግራና ያስታውሳል።

አዳዲሶቹ ዝርያዎች ቶሎ የሚደርሱና አጠር ያሉ ናቸው። አገዳውን ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር የሚፈልገው ገበሬ ከነባሮቹ ከጅጉርቴና ከደጋሊት ጋር ሲያነጻጽራቸው የሚያመነታው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ በሚወጣበት ዓመት ወይም በአቀንጭራ በተበከለ ማሳ ላይ ግን ሚዛኑ ወደ አዲሶቹ ያዘነብላል።

እነዚህ ዝርያዎች አቀንጭራን የሚቋቋሙበት ምሥጢር በሚገባ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ገቢሳ ኢጄታ የተሳተፉበትና በርካታ ኢትዮጵያውያን በጸሐፊነት የተካተቱበት ጥናት እንዳስረዳው፣ ማሽላዎቹ መጣራታቸውን አላቆሙም። የለወጡት የጥሪውን ዓይነት ነው። ከሥራቸው የሚወጣው ንጥረ ነገር ለተክሉ የተለመደውን አገልግሎት እየሰጠ፣ አቀንጭራን ግን አይቀሰቅስም። ወዳጅ የሚያውቀው፣ ሌባ የማያውቀው የደጅ ማንኳኳት ዓይነት ሆነ ማለት ነው።

ለማኅበራትና ለሚመለከታቸው አካላት

ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው በኮረብታው ላይ የሚደርቀው ችግኝና በሜዳው ላይ የሚቀነጭረው ማሽላ የአንድ ችግር ሁለት ገጾች ናቸው። በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች በማኅበራትና በወረዳ ደረጃ ትኩረት ቢሰጣቸው ይጠቅማል።

1ኛ. ማሽላን በማሽላ ላይ ደጋግሞ አለመዝራት። አኩሪ አተር፣ ማሾ፣ ለውዝና ጥጥ የአቀንጭራን ዘር ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ እነርሱ ላይ ግን ተጣብቆ መኖር ስለማይችል የበቀለው ይሞታል። ጥራጥሬዎቹ በተጨማሪ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣሉ፤ ፈንገሱንም ይቀልባሉ። ገበሬው ማሽላን ከእነዚህ ጋር እንዲያፈራርቅ የሚያደፋፍረው አስተማማኝ ገበያ ሲኖር ነው፤ ይህ ደግሞ የዩኒየን ሥራ ነው።

2ኛ. ማሳን በኮምፖስትና በፍግ ማበልጸግ፣ የፋብሪካ ማዳበሪያንም በተመከረው መጠን መጠቀም። የጠገበ ማሽላ ጮኾ አይጣራም። ከመጠን ያለፈ ፎስፈረስ ግን ወዳጁን ያርቃል፤ ገንዘብንም ያባክናል።

3ኛ. አቀንጭራ አበባው ዘር ሳይቋጥር ነቅሎ ማቃጠል፣ ከተበከለ ማሳ የተገኘን ዘር ለጎረቤትም ሆነ ለማኅበር አለማቅረብ። ዘሩ በእህል፣ በእርሻ መሣሪያ፣ በከብት ሰኮናና በጎርፍ ከማሳ ወደ ማሳ ስለሚጓዝ አንድ ገበሬ ብቻውን የሚያሸንፈው አይደለም። በጋራ የሚታረም በመሆኑ ለወንፈልና ለደቦ የተመቸ ሥራ ነው።

4ኛ. የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የመቃብር ቦታ ዛፎችን ከነአፈራቸው መጠበቅ። ለችግኝ ጣቢያ የደን አፈር ሲወሰድ ከአንድ ቦታ እየተፋቀ መሆን የለበትም፤ ጥቂት በጥቂት ከተለያየ ቦታ መወሰድ አለበት። እርሾ የሚሆነው ትንሽ በመሆኑ ብዙ ማጋዝ አያስፈልግም። የጥድ ችግኝ ከጥድ ሥር፣ የዝግባ ችግኝ ከዝግባ ሥር የተወሰደ አፈር ቢያገኝ ደግሞ ይመረጣል።

5ኛ. የችግኝ ሪፖርት በተተከለው ብዛት ብቻ እንዳይወሰን ማድረግ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ጸደቀ የሚለው ቁጥር በዕቅድና በሪፖርት ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። በጣም በተራቆተ ኮረብታ ላይ ደግሞ ከችግኙ በፊት ሣርና ቁጥቋጦ እንዲመለስ መከለል፣ ፈንገሱ አስቀድሞ ቀላቢ እንዲያገኝ ያደርጋል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሲደራጁ አባላት ለብቻቸው የማይወጡትን ሥራ በጋራ እንዲወጡ ታስቦ ነው። የዩኒየን በዓል ሲከበር የሚቆጠረው የቀረበው ማዳበሪያ ኩንታል፣ የተሸጠው እህልና የተከፋፈለው ትርፍ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን በየቀበሌው ስንት ማሳ ከአቀንጭራ እንደጸዳ፣ ስንት ኮረብታ ሣር እንደለበሰና ስንት አሮጌ የዛፍ ጥላ ሳይነካ እንደተጠበቀ መቁጠር ቢጀመር፣ በሚቀጥለው በዓል ለአባላቱ የሚነበበው ሪፖርት ከመሬት በታች ያለውንም ሀብት የሚጨምር ይሆናል።